ግልጽ ደብዳቤ፦ የደሴና የኮምቦልቻ አሮጌ መኪኖች ከመቆራረጣቸው በፊት ይመዝገቡ

ለደሴ ከተማ አስተዳደር፣
ለኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር፣
በሁለቱም ከተሞች የባህልና ቱሪዝም እንዲሁም የትራንስፖርት ሥራን ለምትመሩ ኃላፊዎች፣
በግቢያችሁና በደጃችሁ አሮጌ መኪና ላላችሁ ወገኖቼ በሙሉ፣

በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየሰፈሩ፣ በየአጥሩ ጥግና በየጋራዡ በር ላይ የቆሙ አሮጌ መኪኖች አሉ። የጣሊያን የጭነት መኪና፣ የእንግሊዝ ላንድሮቨር፣ የጀርመን ቮልስዋገን፣ የፈረንሳይ ፔጆ፣ የሶቭየት ላዳ። አንዳንዶቹ ዛሬም ይሠራሉ። አብዛኞቹ ግን ከቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ቁጥራቸውም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ባለፈው ያየሁትን መኪና ዘንድሮ ብሄድ አላገኘውም። ብረቱ በኪሎ ተሽጦ፣ ተቆራርጦ ሄዷል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ማንኛውም አሮጌ መኪና ከቆመበት ከመነሳቱ ወይም ከመቆረጡ በፊት ፎቶው፣ ቁጥሩና ታሪኩ በአንድ መዝገብ ላይ ይስፈር። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ትርፍ ጊዜ ሲኖረኝ ከሰኞ ገበያ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ከሆጤ እስከ ሸዋበር በእግሬ እየዞርኩ አሮጌ መኪና እፈልጋለሁ። ሳገኝ ባለቤቱን አስፈቅጄ ፎቶ አነሳለሁ። ከፈቀደልኝ ቁጭ ብዬ ታሪኩን እሰማለሁ። ጋራዥ የለኝም፤ የመኪና ነጋዴም አይደለሁም። የማየውን ነገር ስለምወደውና እያየሁት እየጠፋብኝ ስለሆነ ነው የምጽፍላችሁ።

ለምን ደሴና ኮምቦልቻ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና በመሃላችን ያልፋል። ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ መንገዱ ይገነጠልና በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ አሰብ ይወርዳል። ወደብና መሃል አገር፣ ሰሜንና ደቡብ የተገናኙት እኛ ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ ሀገሪቱ በዘመናት የነዳቻቸው መኪኖች ሁሉ በእኛ በኩል አልፈዋል። ተበላሽተው የቀሩትም እኛው ጋ ቀርተዋል።

ታሪኩ ደስ የሚያሰኝ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባን ለመያዝ ከደሴ ሲነሳ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። ያን ያህል መኪና በአንድ ላይ በኢትዮጵያ መንገድ ሲንቀሳቀስ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጣርማበር ላይ አርበኞች መንገዱን ስለሰበሩት ሰልፉ እዚያ ቆሞ ቆየ። ከዚያ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው በሚያዝያ ወር 1933 ዓ.ም.፣ ኮምቦልቻ አፋፍ ላይ ከባድ ውጊያ ተደርጎ ደሴ ከጣሊያን እጅ ወጣች። ጣሊያን ሲሄድ መኪናው፣ መለዋወጫውና የጋራዥ ሙያው እዚህ ቀረ። የሰፈራችን አያቶች መፍቻ መጨበጥ የተማሩት በእነዚያ መኪኖች ላይ ነው። ያ ሙያ ከአባት ለልጅ እየተላለፈ ዛሬ ኮምቦልቻ ጋራዦች ውስጥ ይገኛል።

የአሰብ መስመርም አለ። ድንበሩ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ከተማ ነበረች። ሹፌሩ ከአሰብ ሙቀት ወጥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ባቲን አልፎ ኮምቦልቻ ሲደርስ ነው አየር የሚያገኘው። እዚህ ያድራል፣ ጎማ ያስጠግናል፣ ባሌስትራ (ክብደት የሚሸከመውን የብረት ሞላ) ያስቀይራል። ብዙ ሹፌሮችና ረዳቶች እዚሁ ትዳር ይዘው ቀርተዋል። የ1977ቱ ድርቅ ጊዜም የእርዳታ እህል ከአሰብ በዚያው መንገድ ነበር የመጣው። ባቲ ላይ የነበረውን መጠለያ የሚያስታውሱ ሰዎች አሁንም በመካከላችን አሉ። ያን እህል ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) ላይ ጭኖ ያመጣ መኪና ዛሬ በአንድ ግቢ ውስጥ ዶሮ ቢያድርበት ማንም ልብ አይለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

እስቲ ስለ መኪኖቹ ራሳቸው ትንሽ ላውራ። ምን እንደምንመዘግብ ካላወቅን መመዝገቡ ትርጉም የለውም።

ከሁሉ በፊት ኤንትሬ። የእኛ ሰው ኤንትሬ የሚለው ፊያት 682ን ነው። ፊያት ይህን ሞዴል መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር አለው፤ የሞተሩ መጠን ከ10 ሊትር በላይ ነው። አፍንጫ የለውም፤ ጋቢናው ከፊት ጠፍጣፋ ነው። ግንባሩ ላይ ከምልክቱ ግራና ቀኝ ጢም የሚመስል ጌጥ ተዘርግቷል። መሪው በቀኝ በኩል የሆነ ፊያት ካያችሁ አትገረሙ። የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪ በቀኝ መሆኑ የቆየ ልማድ ነበር። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የጠርዙን ገደል በዓይኑ እያየ እንዲነዳ ይረዳዋል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወጥቶ የወረደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ከደሴ ኮምቦልቻ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ያወርዳል። ተሳቢ ይዞ፣ እህል ጭኖ፣ በጉም ውስጥ ሐረጎን በማርሽ መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የድሮ ሹፌሮችን ጠይቋቸው። እኛም ሀገር ቢሆን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። በዚያ ዓመት ነው ወደ ቀኝ የተዛወርነው። አንዲት የመሪ አቀማመጥ ይህን ሁሉ ታሪክ ይዛለች።

ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ አንድ ኤንትሬ አውቅ ነበር። ከአንድ ጋራዥ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር። ጎማዎቹ ተንፍሰው ቸርኬው መሬት ነክቷል። የካሶኒው እንጨት ዝናብ በልቶት ግራጫ ሆኗል። ስፖንዳው (የካሶኒው የጎን ግድግዳ) ላይ ግን ቀዩና ቢጫው ቀለም አሁንም ይነበባል። በሩን ስከፍት የመሪው ክብ ከእጅ ብዛት አልቆ፣ ሹፌሩ ሁልጊዜ በሚይዘው ቦታ ላይ ሳስቷል። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ የተለጠፈ የቅዱሳን ሥዕልና ከጎኑ በአረብኛ የተጻፈ ጥቅስ አለ። ሁለት ሹፌር ተፈራርቆበት ይሁን፣ ሹፌርና ረዳት ይሁኑ አላወቅኩም። ግን ይህን የሚያህል የወሎ ምስክር የት ይገኛል? ከወራት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ቦታው ባዶ ነው። በኦክስጅን ቆራርጠው በኪሎ ሸጠውታል አሉኝ። መሬቱ ላይ የቀረው የዘይት እድፍ ብቻ ነበር። የቀረኝ ያነሳሁት ፎቶ ነው። የሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ቁጥሩን የጻፈ የለም፤ ማን እንደነዳው የጠየቀ የለም።

ላንድሮቨር ደግሞ ደጋግሞ የሚገኘው ደሴ ውስጥ ነው። ዳገቱ ይወደዋል መሰለኝ። የመጀመሪያው ላንድሮቨር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልቆ እንግሊዝ ውስጥ ብረት እጥረት ስለነበር አካሉን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ለዚህ ነው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ፓራፋንጎው (የጎማው መሸፈኛ) ሳይዝግ የሚገኘው። የሚበላው ከሥር ያለው ሻንሲ ነው፤ እሱ ብረት ነውና። ዕድሜውን ለማወቅ የፊት መብራቱን ተመልከቱ። መብራቶቹ መሃል ላይ፣ ከራዲያተሩ መከለያ ጎን ተጠጋግተው ከተቀመጡ መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠራ ነው። ወደ ውጭ ወጥተው ፓራፋንጎው ላይ ከተሰኩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ይህን ለሰፈር ልጆች አንድ ጊዜ ብነግራቸው ከዚያ ወዲህ እነሱ ናቸው እየሮጡ መጥተው የሚነግሩኝ።

ሆጤ አንድ ጠባብ መንገድ ውስጥ እንዲህ ያለ ባለ ተጠጋጊ መብራት ላንድሮቨር አለ። ድንጋይ ተደግፎ፣ ሸራ ለብሶ ቆሟል። ባለቤቷ እናት በየሳምንቱ አቧራውን በጨርቅ ይጠርጉታል። ባላቸው በሕይወት እያሉ ገጠር ለገጠር ለሥራ የሚዞሩበት መኪና ነበር። ልጆቹ ይሸጥ ይላሉ፤ እሳቸው እምቢ ብለዋል። አሉሚኒየም ደግሞ ገበያ አለው። ቀልጦ ድስት ይሆናል። ቆራሌው በበሩ ባለፈ ቁጥር ዋጋ እየጨመረ ይጠይቃቸዋል። እማማ እስከ መቼ እንደሚችሉ እንጃ።

ቮልስም እናውቃለን። ከኋላ ያለውን መስታወት እዩ። በመሃሉ ቀጭን ብረት አልፎ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከ1953 በፊት የተሠራ ነው፤ እንዲህ ያለውን ካገኛችሁ በሉ ንገሩኝ። ሞላላ እንቁላል ቅርጽ ከሆነ እ.ኤ.አ. እስከ 1957 ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ሰፊ አራት ማዕዘን ሆኗል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ውሃ አይፈልግም። ደሴ ውስጥ ፒያሳና መናፈሻ አካባቢ አልፎ አልፎ ድምፁን እሰማለሁ። ድምፁን አንዴ የለየ ሰው ሳያየውም ያውቀዋል።

ፔጆ 404ን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከኋላ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ በሚቀመጥበት በውይይት ታክሲነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ መኪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ (የመኪና ውድድር) እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። አቧራና ጉድጓድ የማይበግረው በከንቱ አይደለም። ላዳን ደግሞ እንደ ተራ ነገር አትዩት። መሠረቱ ፊያት 124 ነው። ሶቭየቶች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሲሠሩት ለመጥፎ መንገድ እንዲሆን ቆርቆሮውን አወፍረው፣ የኋላውን ፍሬን በከበሮ ቀይረው፣ ባትሪ ሲደክም በማኒቬላ (በእጅ በሚዞር ብረት) እንዲነሳ አድርገውታል። ኢፋ የምንለው የጭነት መኪናም የተሠራው ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ነው። መኪናው ዛሬም በእኛ ሀገር ድንጋይና አሸዋ ይጭናል። የሠራው ሀገር ግን ከካርታ ላይ ጠፍቷል።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወደ ቢሮዎቹ።

ጊዜው እየሮጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ውድ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ወስኗል። ውሳኔውን አልቃወምም፤ የነዳጅ ወጪያችንን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ውጤቱን ልብ እንበል። ከእንግዲህ የቆየ ቮልስ ወይም ፔጆ ከውጭ አይመጣልንም። ያለን ያው የቆመው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መኪና ሲበዛ የእነዚህ ዋጋ በብረታቸው ኪሎ ብቻ መተመኑ አይቀርም። የኮሪደር ልማቱም አለ። መንገድ ይሰፋል፣ አጥር ይፈርሳል፣ ደጅ ላይ የቆመ ሁሉ ይነሳል። ከተማው መለወጡ ደስ ይለኛል። የምለምነው ክሬኑ ከመምጣቱ በፊት ካሜራው እንዲቀድም ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ቤተ መንግሥት ብቻ አላለም። በሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆነ፣ ሳይንሳዊ፣ ታሪካዊ፣ ባህላዊ ወይም የዕደ ጥበብ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ እንዲገባ አድርጎ ነው የጻፈው። በአንድ የኮምቦልቻ ባትላሜራ (ቆርቆሮ ቀጥቃጭ) እጅ ተቀጥቅጦ በር የተሠራለት፣ መለዋወጫ ሲጠፋ በቶርኖ የተቀረጸለት ፊያት ዕደ ጥበብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መኪናው የጣሊያን ነው። ዕድሜውን ያረዘሙት እጆች ግን የእኛ ናቸው።

ደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የደረሰበትን ዝርፊያ ሁላችንም እናስታውሳለን። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የነበረው ስንት ነገር ሄዷል። ከዚያ ያገኘሁት ትምህርት አለ። የጠፋን ነገር ለመጠየቅ እንኳ መጀመሪያ እንደነበረን የሚያሳይ መዝገብና ፎቶ ያስፈልጋል። ለሙዚየሙ ዕቃ እውነት የሆነው ለጎዳናውም እውነት ነው።

መዝገቡ ውድ ነገር አይደለም። አንድ ገጽ ቅጽ ይበቃል። የመኪናው ዓይነትና ሞዴል፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የቆመበት ሰፈር፣ ከአራቱም ጎን ፎቶ። ከዚያ ደግሞ ዋናው፣ ማን ገዛው፣ በየትኛው መስመር ሠራ፣ መቼ ቆመ የሚለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን አለ። የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የሞተሩን ነገር ያውቃሉ። የታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ሰው ማነጋገር ይችላሉ። ሁለቱ ተጣምረው በክረምት ዕረፍት ቢወጡ ሁለቱን ከተሞች ለመሸፈን ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ሹፌሮቹን ግን አታዘግዩ። በአሰብ መስመር በወጣትነታቸው የነዱ ሰዎች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። ብረት ሃያ ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ሰው አይጠብቅም። ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የድሮ ሹፌር አግኝቼ ነበር። ሐጂ ይሏቸዋል። ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ ያሉትን ማረፊያዎች፣ ውሃ የሚገኝበትን ቦታ፣ የትኛው ቁልቁለት ላይ የትኛው ማርሽ እንደሚገባ በቃላቸው ዘረዘሩልኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ እጃቸው ግን ሲያወሩ ማርሽ ይቀይር ነበር። የእሳቸውን ድምፅ በስልኬ ቀድቻለሁ። የጓደኞቻቸውን ማን ይቅዳ?

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ፤ ዋናው እንቅፋት ይህ ስለሚመስለኝ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ሰዉ ይፈራል። ፎቶ ላነሳ ስጠጋ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ ከመንግሥት ነህ ወይ የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መኪናው ከቆመ ጀምሮ ቦሎ አልታደሰም። ውዝፍ ይኖራል። ሊብሬው በሟች አባት ስም ነው፤ ወራሾች አልተስማሙም፤ ወይም ሊብሬው ጭራሽ ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ደብተር ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው ክፍያና ቅጣት ነው ብሎ ሰው ቢያስብ አይፈረድበትም። መዝጋቢ እየመጣ ነው ሲባል ሌሊቱን ቆራሌው ይጠራል። ለማዳን ብለን የጀመርነው ነገር ማጥፊያ ይሆናል።

ስለዚህ ምዝገባው ሲጀመር ከግብርና ከቅጣት ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ ይነገር፤ በወረቀትም ይጻፍ። የባለቤቱ ስምና የቤቱ አድራሻ ለሕዝብ አይውጣ። መዝገቡ መሸጥ ክልክል ነው ብሎ እጅ አይሰር። ብረት ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ፣ ልጅ የሚያስተምር አባት መኪናውን ቢሸጥ አልወቅሰውም። ከመሸጡ በፊት አንድ ቀን አስቀድሞ ይንገረን፤ ፎቶ እናንሳ፣ ቁጥሩን እንጻፍ፣ ከተቻለም ገዢ እንፈልግለት። አሮጌ መኪና አድሶ የሚይዝ ሰው በሀገራችን አለ። በኪሎ ከሚሸጠው ይልቅ በሙሉው ቢሸጠው ለባለቤቱም ይሻለዋል።

ለትራንስፖርት ኃላፊዎች አንድ ነገር ላክል። ፍሬን የሌለው መኪና ሐረጎን ይውረድ እያልኩ አይደለም። በዚያ ቁልቁለት ስንት ሰው እንዳለቀብን አውቃለሁ። በዓመታዊ ምርመራ ላይ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ይጠበቅ፤ ካላሟላ ይቁም። ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚሠራ አሮጌ መኪና ግን መልኩ አርጅቷል ተብሎ ብቻ ባለቤቱ አይጉላላ። መንገድ የዘጋውም ይነሳ። ከመነሳቱ በፊት ማስታወቂያ ተለጥፎበት ባህልና ቱሪዝም እንዲያውቀው ይደረግ። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል አንድ የስልክ ጥሪ ነው የሚያስፈልገው።

ሁሉም መኪና ይጠበቅ ማለትም አይደለም። አብዛኛው ፎቶው ቀርቶ እሱ ቢሄድ ይበቃል። ሁለት ሦስቱ ግን ቦታ ይገባቸዋል። ኮምቦልቻ ላይ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ አፍ ላይ አንድ ኤንትሬ ከነተሳቢው ቢቆም፣ ከጎኑም የአሰብ መስመር ታሪክ በአጭሩ ቢጻፍ ምን ያህል ያማረ ነገር ነው! የኮሪደሩ አረንጓዴ ቦታዎች እየተሠሩ ስለሆነ ቦታ አይጠፋም። ደሴ ላይ ደግሞ አንድ ላንድሮቨር በሙዚየሙ ግቢ ወይም በወሎ ባህል አምባ ቢቀመጥ ልጆች ድንጋይ ተደግፎ ከቆመው ሳይሆን በሥርዓት ከተቀመጠው መኪና ይማራሉ። አደራ፣ ስታቆሙት ግን በአዲስ ቀለም አታድምቁት። የስፖንዳው ጽሑፍ፣ የተጠገነው በር፣ የሳሳው መሪ ይታይ። ሥራውን የሚያሳየው እሱ ነው።

በየግቢያችሁ መኪና ላላችሁ ደግሞ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አብሽሩ። ማንም መኪናችሁን አይወስድባችሁም። ለጊዜው የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በቤታችሁ ያለውን የቆየ ፎቶ ፈልጉ። አባታችሁ ኮፈኑ ላይ ተደግፈው የተነሱት፣ በሠርግ ቀን በአበባ ያጌጠው፣ ረዳቱ ካሶኒው ላይ ቆሞ የሚስቅበት። ከጀርባው ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። ሊብሬው ካለ በስልክ ፎቶ አንሱት። መኪናውን ለመሸጥ ከወሰናችሁ ቢያንስ የሻንሲ ቁጥር ያለበትን ሳህን ነቅላችሁ አትጣሉ፤ እሱ የመኪናው መታወቂያ ነው።

እንደ እኔ በየሰፈሩ ለምትዞሩ ወጣቶችም አንድ ቃል። ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ። ግቢ ሳታንኳኩ አትግቡ። ታርጋውን ሸፍናችሁ ለጥፉ፤ የቤቱን በር አታሳዩ። መኪናው የት እንደቆመ በትክክል ከጻፋችሁ ለብረት ገዢ መንገድ መራችሁ ማለት ነው። ምልክት ወይም ስፖኪዮ ለማስታወሻ ነቅሎ መውሰድማ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እኔ በበኩሌ እስካሁን ያነሳኋቸውን ፎቶዎች፣ የጻፍኳቸውን ቁጥሮችና ባለታሪኮቹ የፈቀዱልኝን የድምፅ ቅጂዎች ያለ ምንም ክፍያ ለሁለቱም ከተሞች የባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ለመስጠት ዝግጁ ነኝ። በፍላሽ አድርጌ አመጣለሁ። መዝጋቢ ብትመድቡ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አብሬ ዞሬ መኪኖቹ የት የት እንዳሉ አሳያለሁ። ከሆጤ ብንጀምር ይሻላል። እዚያ ያለው ላንድሮቨር ይቀድማል፤ ባለቤቷን አስፈቅጄ ተስማምተዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደሴ ነዋሪ